የግሪክኛ አስተማሪዋ ላቦራቶሪ

ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በማሳቹሴትስ በሚገኘው ዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ በ1887 እ.ኤ.አ. የተቀጠረችው ግሪክኛ ለማስተማር ነበር። ሥነ ልቦና ያን ጊዜ ገና ከፍልስፍና ጉያ አልወጣም። ቪልሄልም ቩንት ላይፕዚግ ላይ ላቦራቶሪውን ከከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው። ዌልስሊ አዲሱን ትምህርት ሊጀምር ሲያስብ በዘርፉ የሠለጠነች ሴት ማግኘት ከባድ ስለነበር ጎበዟን ግሪክኛ አስተማሪ፣ አንድ ዓመት ተምረሽ ቦታውን ያዢ አላት።

የት ትማር? ሃርቫርድ ሴት አይመዘግብም። አባቷ አቤቱታ አስገቡ፣ የኮሌጇም ፕሬዚዳንት ደገፈቻት፤ በስንት ደጅ ጥናት በ1890 በእንግድነት ገብታ እንድትከታተል ተፈቀደላት። በዊልያም ጄምስ ሴሚናር የነበሩት ሌሎች ተማሪዎች ሲቀሩ መምህሩና እሷ ብቻ ቀሩ። ከቤተ መጻሕፍቱ እሳት ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ በዚያው ዓመት በታተመው የጄምስ ትልቅ መጽሐፍ ላይ ይወያዩ ነበር። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ዕድል አላውቅም።

በ1891 ዌልስሊ ተመልሳ በኮሌጁ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ላቦራቶሪ ከፈተች። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች የሚቆጠር፣ በሴቶች ኮሌጅ ደግሞ ቀዳሚው ነው። ተማሪዎቿ የበግ አንጎል ይበልታሉ፣ የዓይንና የጆሮን ሥራ ይፈትሻሉ፣ አንዷ ተመራማሪ ሌላዋ ተመርማሪ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። የዩኒቨርሲቲ ሰው ማስተማር የምርምር ጊዜዬን በላብኝ ብሎ ሲያማርር መስማት የተለመደ ነው። እሷ ዘንድ ግን ክፍሉና ላቦራቶሪው አንድ ቤት ነበሩ።

ቤቷም ከዚህ አላመለጠም። ከክላርክ ዩኒቨርሲቲው ኤድመንድ ሳንፎርድ ጋር ሌሊት በደወል ሰዓት እየተቀሰቀሱ ሕልማቸውን ወዲያው ይጽፉ ነበር። እሷ 205፣ እሱ 170 ሕልም መዘገቡ። በ1893 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሕልም በአብዛኛው የቅርብ ጊዜ ሰዎችን፣ ቦታዎችንና ገጠመኞችን መልሶ የሚያመጣ ነው አለች። ፍሮይድ በ1900 ስለ ሕልም ባሳተመው መጽሐፍ ሥራዋን ጠቅሶታል።

ከዚያ በኋላ በሃርቫርድ በሁጎ ሚውንስተርበርግ ላቦራቶሪ የሠራችው ጥናት ስለ ማስታወስ ነው። ለተመርማሪው ቀለም ታሳያለች፤ ቀጥላ ቁጥር። ሌላ ቀለም፣ ሌላ ቁጥር። ተከታታዩ ሲያልቅ ቀለሞቹን ብቻ፣ ቅደም ተከተላቸውን አዛብታ ታመጣና ቁጥሩን ትጠይቃለች። አንዱን ጥንድ ትደጋግማለች፤ አንዱን መጨረሻ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሌላውን በተለየ አጻጻፍ ዓይን እንዲስብ ታደርጋለች። ከእነዚህ ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው መደጋገም ሆኖ ተገኘ። መልሱ ማንም የቄስ ተማሪ የሚያውቀው ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ድግግሞሽን፣ ቅርበትንና ጉልህነትን ለያይቶ የሚያወዳድር መንገድ ማግኘቷ ነው።

በ1895 ጄምስና ሚውንስተርበርግ ያሉበት ቡድን ፈትኗት የዶክትሬት ዲግሪ ይገባታል አለ። ሃርቫርድ ሴት ናት ብሎ እምቢ አለ። በ1902 በእህት የሴቶች ኮሌጁ በራድክሊፍ ስም ዲግሪ ሊሰጣት ሲቀርብላት ደግሞ እምቢ ያለችው እሷ ናት፤ የተማረችው ሃርቫርድ ነውና። ጥሩ አደረገች፤ ዲግሪውን ተቀብላ ቢሆን በደሉ የተካሰ ይመስል ነበር። ያለ ዲግሪው ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1905 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1918 የፍልስፍናውን ማኅበርም መራች።

ላቦራቶሪውን በ1898 ለባልደረባዋ ለኤሊነር ጋምብል አስረክባ ነበር። የቀረውን ዕድሜዋን፣ በ1929 ጡረታ እስክትወጣ፣ የሥነ ልቦና ዋና ጉዳይ የሚያስበውና የሚሰማው «እኔ» ነው የሚለውን ትምህርቷን በማስተማርና በመከራከር አሳለፈች። ዘመኑ ግን ነፍስን ትቶ ባሕርይን ብቻ ወደሚለኩት አዘነበለና የሚያዳምጣት ጥቂት ሆነ። በ1930 አረፈች። እሷ ይበልጥ የደከመችለት ይህ የ«እኔ» ትምህርት ነው፤ መማሪያ መጻሕፍት ስሟን የሚያነሡት ግን በቀለምና በቁጥሩ ሙከራ ነው።