የእናት ቀሚስ ብርድ ልብስ ሲሆን፦ የጠበበ ስፌት እንዴት ይድናል?

በሰሜን አሽቀሎን፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቀው የባርኔአ ሰፈርም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ በክብር የታጠፈ የአገር ልብስ ያለው የቤተ እስራኤል ቤት አይጠፋም። ለስግድ ይወጣል፣ ለሠርግ ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይታጠፋል። አንዳንዱ ግን አርጅቶ ሳስቷል፤ አይለበስም፣ አይጣልም። እንዲህ ያለውን ልብስ ቆራርጦ ከሌላ ጨርቅ ጋር እየቀጣጠሉ ለልጅ ልጅ ብርድ ልብስ ማድረግ አንድ መላ ነው።

ልብሱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጨርቅ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ሌላ ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልያዙም። ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል በእግር የመጡትም እንደዚያው። ለብዙ ቤተሰብ ከእናት እጅ የቀረው ይኸው ቀሚስ፣ ይኸው ነጠላ ብቻ ነው። ከተበላሸ ምትክ የለውም።

የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጥበት ነው። አዲስ ሳለ ያማረ ብርድ ልብስ ሁለት ሦስቴ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ጥጥ ብቅ ይላል። ሲያዩት የስፌቱ ክር አልተበጠሰም፤ ጨርቁ ነው ከስፌቱ ያመለጠው። ከስፌቱ ወዲያ የተተወው ትርፍ ጨርቅ ጠባብ ስለነበረ ማለት ነው።

ለምን ጠበበ?

አንደኛው ምክንያት ቁጠባ ነው። ከእናት ቀሚስ ላይ አንድ ጣት ጨርቅ እንኳ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ያሳሳል። ሁለተኛው የእጅ ልማድ ነው። በጎንደር ሴቶቹ ጥጡን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጋቢ የሚወጣው ሸማው ጎን ለጎን ተጋጥሞ ነው። የሚጋጠመው ግን የሸማው የራሱ ጠርዝ ነው። ማጉ እዚያ ደርሶ ስለሚመለስ ጠርዙ አይተረተርም፤ ጫፍ ለጫፍ ቢሰፋም ዓመታት ይቆያል። መቀስ የገባበት ጨርቅ ግን ያ ጠርዝ የለውም። በጋቢው ልክ ጠበብ አድርገው ከሰፉት ክሩ እየተመዘዘ ያልቃል።

የፋብሪካ ጨርቅ የሚቀጣጥሉ ሰዎች ለስፌት የሚተዉት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጥብቅ ሆኖ ለተሸመነ ጨርቅ ይበቃል። የእጅ ሸማ ላላ ያለ ስለሆነ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ከሳሳ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢተውለት ይሻላል።

ከጠበበ በኋላስ?

መፍትሔው ሥራው ባለበት ደረጃ ይለያያል። ገና ጥጥ ያልገባበትና ጀርባው ያልተሰፋ ከሆነ ገልብጦ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ማየት፣ በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ትርፉ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካልተከፈተ ሁሉን ነገር መተርተር አያስፈልግም። ጫፉን በዚግዛግ መያዝ፣ ከመጀመሪያው ስፌት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ስፌት መድገም ይበቃል።

ትርፉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ድጋፍ ይፈልጋል። የስፌት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይገኛል። ከእሱ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ፣ መጋጠሚያውን ከጀርባ አልብሶ መተኮስ፣ ከዚያም ከስፌቱ ግራና ቀኝ መስፋት ነው። አንዳንዱ የጥበብ ክር ሰው ሠራሽ ስለሆነ በጣም የጋለ ካውያ ያቀልጠዋል፤ ሌላ ጨርቅ ጣል አድርጎ ለዘብ ባለ ሙቀት መተኮስ ያስፈልጋል።

ብርድ ልብሱ አልቆ ከተከፈተ ደግሞ ከጀርባ መግባት አይቻልም። ያኔ ክፍተቱን በእጅ በደቃቁ ገጥሞ፣ ከላይ ቀጭን የጥበብ ቁራጭ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ መደረብ ነው። መርፌው እስከ ጀርባ ካለፈ ጉተታውን ሦስቱም ድርብ ይጋሩታል፤ ያዳከመው መጋጠሚያ ብቻውን አይሸከመውም። ቁራጩ በሌላውም መጋጠሚያ ላይ ከተደገመ ጌጥ እንጂ ጥገና አይመስልም።

ገና ለሚጀምሩ

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ መቀስ ከመግባቱ በፊት ቢታሰብበት ድካም ይቀንሳል። የሳሳውን ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ያንኑ የሚጣበቅ ጨርቅ ከጀርባው መለጠፍ ይቻላል። በስፌት መኪናው ላይ ደግሞ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፕላስተር ቢለጠፍ ዓይን ለደከማቸው እናቶች መስመር ይሆናቸዋል። ካለቀ በኋላም በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ማጠብ፣ አለመጭመቅ፣ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ሲጨርሱ በጀርባው ጥግ ላይ አንዲት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ይስፉበት። ቀሚሱ የማን እንደነበረ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣችና በየትኛው ዓመት እንደገባች በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍበት። የልጅ ልጆቹ አማርኛ ባያነቡ በዕብራይስጥ ያነቡታል፤ አያት በሕይወት ሳሉ ደግሞ የቀረውን ይጠይቋቸዋል።