በአሮጌ ቤት-መኪና ገበያ ዋጋው ያለው እግሩ ላይ ነው

ሻጩ ቁልፉን ያዞራል። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ሳያንገራግር ይነሳል። አልጋው ተነጥፏል፣ ምድጃው ተወልውሏል፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ገዢው ይከፍልና ይዞ ይወጣል። ጉዱ የሚታወቀው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ መሪው ይዋልላል፣ ከባድ የጭነት መኪና ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ቤቱ እንዳለ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሾፌሩም መሪ ሲያርም ውሎ ትከሻው ዝሎ ይደርሳል። ጭስ አይቶና ሞተር አዳምጦ ያገለገለ መኪና መግዛት የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ የአሮጌ ሞተርሆም ገበያ ስሙ ተደጋግሞ የሚነሳው የጄኔራል ሞተርስ ሥራ የሆነው ጂ.ኤም.ሲ. ሞተርሆም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ባሉት ሞዴሎች የተመረተው በጠቅላላው 13 ሺህ አይሞላም። ምርቱ ከቆመ ከ45 ዓመት በላይ ስለሆነ አቅርቦቱ አይጨምርም፤ ያለው ወይ ይታደሳል፣ ወይ ለመለዋወጫ ይፈታል። በመሆኑም «የታደሰ»ውን «ታደሰ ከተባለ»ው መለየት ለገዢውም ለደላላውም ገንዘብ ነው።

መኪናው በዘመኑ ከነበሩት ሞተርሆሞች የተለየ ነበር። አብዛኞቹ በጭነት መኪና ሻንሲና ባሌስትራ ላይ የተጫኑ ሣጥኖች ሲሆኑ፣ ይኸኛው ሞተሩንና ካምቢዮውን ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ወስዶ በፊት ጎማዎች የሚጎተት ነው። ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፍ ዘንግ ስለሌለው ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ፊቱን የሚሸከመው የሚኒባስ ባለንብረቶች በደንብ የሚያውቁት ቶርሽን ባር ነው። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማዎች ተከታትለው ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው ያለ አንድ የአየር ከረጢትም ሁለቱን ይደግፋል።

ሂሳቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መኪና ቀጥ ብሎ መሄዱን በዋናነት የሚወስነው ካስተር የሚባለው ልኬት ነው፤ ይኸውም የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር አናቱ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደተጋደመ የሚያሳይ ነው። የቢስክሌት ሹካ ያለው ጋደም ማለት ዓይነት መሆኑ ነው። ሲጋደም መሪው ቢለቀቅም ወደ መሃል ይመለሳል፤ ቀጥ ሲል ይንከራተታል። አሁን የኋላው አየር ከልክ በላይ ተነፍቶ መኪናው ከኋላ በ2 ኢንች ከፍ አለ እንበል። በ26 ጫማው ሞዴል ከፊት ጎማ እስከ ኋላዎቹ ጎማዎች መሃል 160 ኢንች ነው። 2ን ለ160 ብናካፍል መኪናው 0.7 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ያንኑ ያህል ካስተር ጠፍቷል ማለት ነው። ከጅምሩ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ለነበረው መኪና ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የፊቱ ቶርሽን ባር በዕድሜ ላልቶ አፍንጫው ሲወርድም ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ የወጪው ቅደም ተከተል ራሱ ትርፍና ኪሳራን ይለያል። መጀመሪያ ያለቀ ጎሚኒ፣ የላላ ቦል ጆይንትና የመሪ ማገናኛ ይለወጣል። ቀጥሎ የፊቱና የኋላው ከፍታ በፋብሪካው መጽሐፍ ልክ ይስተካከላል። አላይመንት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ከፍታውን ሳይለካ አላይመንት የሠራ ጋራዥ ገንዘብ ተቀብሎ ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል፤ ከፍታው በተነካ ማግስት ልኬቱ ሁሉ ይፈርሳልና። አሞርዛተር ብቻ ለውጦ «እግሩ ተሠርቷል» የሚል ማስታወቂያም ከአዲስ ቀለም አይሻልም።

ማሻሻያ የሚባለው ተራው ከዚህ በኋላ ነው። በእኔ ሚዛን ወጪውን ቶሎ የሚመልሰው በላይኛው የፊት ክንድ ላይ የሚገባው፣ ቀዳዳው ከመሃል ፈንጠር ያለው ጎሚኒ ነው፤ ፋብሪካው ከሰጠው የበለጠ ካስተር ለማግኘት ያስችላል። አብሮት የመጣው የ16.5 ኢንች ቸርኬ ጎማው ከገበያ እየጠፋ በመሄዱ በ16 ኢንች መለወጡ ከምርጫ ወደ ግዴታ እየተጠጋ ነው። ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱን የአየር ከረጢት የሚሰጠው ባለ አራት ከረጢት ሥራ፣ እንዲሁም ከባለ አንድ ቶን ጭነት መኪና ክፍሎች የሚሠራውና ጠንካራ ኩሽኔታና ፍሬን ያለው የፊት እግር ዋጋቸው ከበድ ይላል። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ባለቀ ጎሚኒ ላይ የተገጠመ ውድ ዕቃ መዋለሉን አያስቀርም፤ ሻጩ ያወጣውን ሁሉ በዋጋው ላይ ሲጭን ገዢው ለዕቃውም ለመዋለሉም ይከፍላል።

ለድርድር የሚቀርብ ሰው ከደረሰኝ ክምር ይልቅ የአላይመንቱን ወረቀት ይጠይቅ፤ ከፍታው ተለክቶ የተጻፈበትን። ቢቻል ደግሞ መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ እንዲያድር ያድርግ። ጠዋት በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ከተገኘ ከረጢቱ ወይም የአየር መስመሩ ያፈሳል፤ ማታ የተባለውም ዋጋ እንደገና መነጋገሪያ ይሆናል።