ለናይል ፐርች የሚሆነውን ማታለያ በልክ ስለ መምረጥ

በጫሞና በዓባያ ሐይቆች፤ እንዲሁም በባሮ ወንዝ፤ ናይል ፐርች የሚባል ትልቅ ዓሣ ይገኛል። ዕድሜ ካገኘ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሥጋውም በገበያ የተወደደ ስለ ሆነ በእርሱ የሚተዳደር ሕዝብ አለ። ስለዚህ ሐይቅና ወንዝ ያለበትን ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም፤ ዓሣው በምን መሣሪያ እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው መጠን የትኛውን ዓሣ እንደሚያስይዝ ጭምር ማወቅ ይገባዋል።

ማታለያ ማለት ከእንጨት፤ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ በትንሽ ዓሣ አምሳል የተሠራ፤ መንጠቆ ያለበት ነገር ነው። ናይል ፐርች የሚበላውን ሳያኝክ እንዳለ ይውጣልና ማታለያው ከአፉ ስፋት ጋራ መስማማት አለበት። ግልገሉ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳትንና ጥቃቅን ፍጥረቶችን ይመገባል፤ ሲያድግ ግን ዓሣ በል ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ጣት የሚያህል ማታለያ ትንሹንም ትልቁንም ይጠራል፤ ከመዳፍ እስከ ስንዝር የሚሆነውን ግን ትንሹ ብዙውን ጊዜ አይደፍረውም።

«የያዝነውን ትንሽ ዓሣ ወደ ውሃው እንመልሰዋለን» የሚል አጥማጅ አይጠፋም። መመለሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ማታለያ ወደ ጉሮሮ ጠልቆ ስለሚገባ፤ መንጠቆው ሲነቀል የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይቀዳል። እንዲህ የቆሰለ ዓሣ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ ከያዙ በኋላ ከመልቀቅ ይልቅ፤ ሳይወረውሩ በፊት መጠኑን መምረጥ ይሻላል።

መጠኑ የሚመረጥባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። 1ኛ፤ ዓሣው በዚያ ወራት የሚበላውን ማየት ነው፤ በአካባቢው ያለው ቆሮሶ መዳፍ የሚያህል ከሆነ ማታለያውም መዳፍ ያህል ይሁን። 2ኛ፤ የውሃው ጥራት ነው፤ እንደ ዓባያ በደለል በደፈረሰ ውሃ ዓሣው አጥርቶ ስለማያይ፤ ተለቅ ያለውና ሲሳብ ውሃውን የሚያናውጠው ይሻላል፤ በጠራ ውሃ ግን አነስ ያለው ይበቃል። 3ኛ፤ መንጠቆው ነው፤ ጫፉ ከማታለያው ገላ ራቅ ብሎ ካልወጣ ዓሣው ነክሶ ያመልጣል። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ በመንጠቆ ላይ ሰክቶ ለሚያጠምድም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ሆኖም ከስንዝር እጅግ የሚበልጥ ማታለያም ጉዳት አለው። ሴቲቱ ለመራባት የምትደርሰው ከወንዱ ዘግይታ፤ ገዝፋም ነው፤ የትልቋም ዕንቁላል በሚሊዮን ይቈጠራል። እንግዲህ ትንሹ ማታለያ ልጁን፤ እጅግ ትልቁም እናቲቱን ያጠፋል። መካከለኛው ለገበያ ይበቃል፤ በእርሱም ትልቋ ከንፈሯን ብቻ ተይዛ ብትወጣ መልቀቅ ይገባል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህ ሀብት ከልክ በላይ ተጠምዶ እንዳይመናመን ነው። ከቅጣት ምክር ይቀድማልና፤ የየወረዳው ሹማምንት አጥማጆችን ሰብስበው ሦስቱን መጠን በፊታቸው በማስቀመጥ ልዩነቱን ቢያስረዱ፤ ዘንድሮ ያጠመደው ሰው ለከርሞም የሚያጠምደው አያጣም።