የሎሚ ዛፍ ቢራቢሮ

ግቢው ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን የተከለ ሰው ይህችን ቢራቢሮ ሳያያት አይቀርም። ልጇን ግን የወፍ ኩስ መስሎት ያልፈዋል።

ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ፤ መደባቸው ጥቁር ሆኖ ፈዛዛ ቢጫ ተረጭቶበታል። የኋላ ክንፎቿ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ዓይን መሰል ክብ ይታያል። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ከኋላ ክንፋቸው የሚወጣ ጭራ አላቸው፤ እሷ የላትም። አበባ ስትቀስም እንኳ ክንፏን ማርገብገብ ስለማትተው ፎቶ አንሺን ታማርራለች።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ትገኛለች፤ የመንና ኦማንም አለች። ሎሚና ብርቱካን ከእስያ የመጡ ተክሎች ናቸው። እሷ ግን ከእነሱ በፊትም እዚሁ ነበረች፣ የእነሱው ቤተሰብ በሆኑ የዱር ዛፎች ላይ። እኛ ለጥርስ መፋቂያ የምንቆርጠው ልምጭ አንዱ ነው። ጓሮ አትክልት ሲስፋፋ ማዕዷ ሰፋላት ማለት ይቻላል።

እንቁላሏን የምትጥለው ለጋ ቅጠል ላይ፣ አንድ በአንድ ነው፤ ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከስፒል ራስ የማይበልጥ። በሳምንት ገደማ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ወገቡ ላይ ነጭ ጣል ብሎበታል፣ ገላውም እርጥብ ይመስላል። ወፍ የራሷን ኩስ አትለቅምምና ቅጠሉ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተጋድሞ ይውላል። ዘዴው የሚሠራው ግን ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ኩስ ማንንም አያታልልም። ስለዚህ ሲያድግ ቆዳውን ጥሎ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጎኑ ላይ ሰያፍ ቡናማ መስመር ይዞ።

ያኔ በጣት ነካ ቢያደርጉት ከራሱ ጀርባ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል። የበሰበሰ ብርቱካን የሚመስል ኃይለኛ ሽታ ይከተላል። ጉንዳንና ሌሎች ትንንሽ ጠላቶቹን የሚያባርርበት መሣሪያው ይኸው ነው። ለሰው ግን ጉዳት የለውም፤ ጠጉር ስለሌለው አያሳክክም።

ጠግቦ ሲያበቃ ጭራውን ግንድ ላይ አጣብቆ፣ ወገቡን በሐር ክር አስሮ ሙሽሬ ይሆናል። የሙሽሬው መልክ እንደ ቦታው ነው፤ ለምለም ቅጠል መሃል አረንጓዴ፣ ደረቅ እንጨት ላይ ቡናማ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ቢራቢሮዋ ትወጣለች፤ ብርድ ከሆነ ይዘገያል።

ያደገ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት ምንም አይሆንም፤ መድኃኒት መርጨትም ከንቱ ወጪ ነው። ችግኝ ግን በጥቂት ቀን መላጣውን ሊቀር ይችላል። ለእሱም በእጅ መልቀም ይበቃል፣ ሽታውን ለቻለ።