የአካል ጉዳተኞች ማኅበርና የእርዳታ ገንዘብ

ሰው ከሰው ገንዘብ የሚቀበልበት መንገድ ብዙ ነው። ለማኝ ሲቀበል ተመጸወተ እንላለን። ገበሬ ከባንክ ወይም ከቁጠባ ማኅበር ሲወስድ ተበደረ እንላለን። የተመጸወተ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። የተበደረ ሰው ገንዘቡን ከነወለዱ ይመልሳል። ዛሬ የምንነጋገርበት ገንዘብ ከሁለቱም ይለያል። አይመለስም፣ ወለድም የለውም፤ ነገር ግን ምን ላይ እንደዋለ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይጠየቁበታል። ለሥራ የሚሰጥ እርዳታ ነው።

ይህ እርዳታ ለአካል ጉዳተኞች ሲሰጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

በየቀበሌው ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ በሥጋ ደዌ ጣቶቹን ያጣ ሰው አለ። ለረጅም ዘመን ስለ እነሱ የሚወስነው ሌላው ነበር። ቤተሰብ ይወስናል፣ መንግሥት ይወስናል፣ የእርዳታ ድርጅት ይወስናል። ተሽከርካሪ ወንበር ይመጣል፤ ግን ቤቱ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ መንገዱም ድንጋይ ነው። ታዲያ ወንበሩ ምን ይሠራል? ባለቤቱን አስቀድመው ቢጠይቁት ኖሮ ምናልባት "ወንበሩ ይቅርብኝ፤ አህያና ኮርቻ ስጡኝ" ይል ነበር። በልዩ ልዩ አገር ያሉ አካል ጉዳተኞች "ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም" ብለው የተነሡት ለዚህ ነው።

በአገራችንም አካል ጉዳተኞች በራሳቸው መደራጀት ከጀመሩ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕግም ወጥቷል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 1728 ለእናንተ ለአንባቢዎቻችንም የሚነካ ነገር አለበት። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ የሚያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም ይላል። የተባለው ሰውየው እንዳይታለል ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ፊደል የቆጠረ ሰው ከዚህ አንቀጽ ይወጣል። ዓይነ ስውሩ ግን ብሬል አንብቦ ዩኒቨርሲቲ ቢጨርስም እዚያው ነው። እንግዲህ የዓይነ ስውራን ማኅበር ሊቀ መንበር ለእርዳታ ገንዘብ ሲፈራረም ምን ያህል ደጅ እንደሚጠና አስቡት።

ሌላም እንቅፋት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 አንድ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር ካገኘ ስለ መብት መሥራት አይችልም አለ። የአካል ጉዳተኞች መብትም በስም ተጠቅሶ ነበር። በመቶ ብር ስናሰላው፣ ከመቶው ቢያንስ ዘጠናው ከአገር ውስጥ መገኘት አለበት ማለት ነው። አባላቱ ድኾች ናቸው፤ ዘጠናውን ከየት ያምጡት? ስለዚህ በውጭ ገንዘብ ምርኩዝ ማደል ይቻላል፤ "ትምህርት ቤቱ ለምን ልጃችንን አልቀበልም አለ?" ብሎ መሟገት ግን አይቻልም። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም.፣ ይኸው አዋጅ በወጣ በዓመቱ ነው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ይሏል ይኸ ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ።

ከውጭ ሰጪዎች አንዱን እንይ። ፊንላንድ በምትባል የሰሜን አውሮፓ አገር ካሌ ኮንኮላ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የአገራቸው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በ1998 ደግሞ ከሌሎች አካል ጉዳተኞች ጋር ሆነው አቢሊስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። እሳቸው በ2018 ቢያርፉም ድርጅቱ ሥራውን አላቆመም። የገንዘቡ ዋና ምንጭ የፊንላንድ መንግሥት ነው። አቢሊስ ገንዘቡን በትንሽ በትንሹ ከፍሎ፣ በድኻ አገሮች አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ለሚመሯቸው ማኅበራት ይሰጣል። ኢትዮጵያም ድጋፉ ከደረሳቸው አገሮች አንዷ ናት። እዚህ ላይ ሰጪውም ተቀባዩም የችግሩ ባለቤቶች ናቸው። የደረጃ እጦት ምን ማለት እንደሆነ፣ አስተርጓሚ የሌለበት ስብሰባ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ወረቀት አያስፈልግም።

እሺ፣ ማኅበሩ ምን ያድርግ? መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ከዚያ ማኅበሩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይመዘገባል፤ ወይም ካለ አገር አቀፍ ማኅበር ሥር ቅርንጫፍ ይሆናል። የባንክ ሒሳብ በማኅበሩ ስም ይከፈታል፤ ገንዘብ የሚወጣውም በጣምራ ፊርማ እንጂ በአንድ ሰው አይደለም። ይህ ሁሉ ለእድርተኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከባዱ ማመልከቻው ነው። ለምሳሌ አሥራ ሁለት አካል ጉዳተኞች በግ ለማሞከት አሰቡ እንበል። ለእያንዳንዱ ሁለት በግ፣ በጠቅላላው 24 በግ ነው። የአንዱ በግ ዋጋ 6,000 ብር ቢሆን 144,000 ብር ይሆናል። ለመኖ 24,000፣ ለክትባትና ለመድኃኒት 2,400 ብር ጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይደምራል። ተሳስቷል! ከአባላቱ ሦስቱ መስማት የተሳናቸው ከሆኑ በሥልጠናው ቀን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ 6,000 ብር። መራመድ የማይችሉትን ወደ ስብሰባ የሚያመላልስ ጋሪ፣ ለዓይነ ስውራኑም መንገድ መሪ ያስፈልጋል፤ 9,600 ብር። ድምሩ 186,000 ብር ነው። አስተርጓሚውንና ጋሪውን የተወ ማኅበር ከአሥራ ሁለቱ ግማሹን ከስብሰባው አስቀርቷል። እኛ እንደምናስበው ይህ ወጪ ከበጎቹ ዋጋ ባልተናነሰ የሥራው አካል ነው፤ ሲጽፉትም ማፈር አያስፈልግም።

አባላቱ የሚያዋጡትም ይጻፍ። በረቱን በደቦ ይሠሩታል፤ ሣሩን ያጭዳሉ። በወር አሥር አሥር ብር ቢያዋጡ በዓመት 1,440 ብር ይሆናል። ትንሽ ናት፤ ግን ሰጪው "እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ምን አደረጉ?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ ትሆናለች።

ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ባንድ ጊዜ አይመጣም። ከሦስት እጅ ሁለቱ መጀመሪያ ቢላክ 124,000 ብር ነው። የቀረው 62,000 ብር የሚመጣው የመጀመሪያው ሒሳብ ከነደረሰኙ ሲቀርብ ነው። ደረሰኝ የጠፋበት ማኅበር እዚህ ላይ ይወድቃል። በግ የሚገዛው ከገበያ፣ ከገበሬ እጅ ነው፤ ገበሬ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ የሻጩ ስም፣ የበጉ ዋጋና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ሻጩና ምስክሮች ይፈርሙበታል። እንዲህ ያለው ወረቀት ተቀባይነት እንዳለው ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሒሳቡ በየወሩ በአባላት ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ለማይሰሙት በምልክት ይነገር። ዓይነ ስውሩ ሊቀ መንበር የፈረመበትን ወረቀት ከአንድ ሰው አፍ ብቻ መስማት የለበትም። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ያንብብለት። ሁለቱ ያነበቡት ቁጥር ከተለያየ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው።

ደግሞ ተጠንቀቁ። ገንዘብ ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም። አንዳንዱ ጤነኛ ሰው በአካል ጉዳተኞች ስም ማኅበር ያቋቁምና ራሱ ሊቀ መንበር፣ ወንድሙ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። አካል ጉዳተኞቹ ለፎቶግራፍ ብቻ ይጠራሉ። እንደ አቢሊስ ያሉ ሰጪዎች መሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አጥብቀው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቻቸው የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ወላጆች ግን በልጆቻቸው ፋንታ ቢቆሙ ተገቢ ነው። ሴቶቹንም መርሳት አይገባም፤ ዓይነ ስውር ሴት ከዓይነ ስውር ወንድ ይልቅ ከቤት የመውጣት ዕድሏ ጠባብ ነው።

ገንዘቡ የሚያልቅበት ቀን ይመጣል። የሁለት ዓመት ድጋፍ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሙክቶቹ ለፋሲካ ሲሸጡ ትርፉ ለአባላት ቢደርስም ዋናው ለሚቀጥለው ግዢ ባንክ ይግባ፤ ይህም ገና ሲጀመር በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በጎቹን ገዝቶ የተረፈ ብር ቢኖር አባላቱ አይከፋፈሉትም። ለሰጪው ደብዳቤ ይጻፋል፤ "ይህን ያህል ተርፏል፤ ለመኖ እንድናውለው ፍቀዱልን" ይባላል። መልሱ እስኪመጣ ብሩ ባንክ ይቆያል።