ከግድግዳው ማዶ ያለው ዘበኛ

ድምፅ መቅረጽና ማስተካከል እንጀራዬ ስለሆነ፣ ሰው ጌም ሲጫወት ሳይ ጆሮዬን የምጥለው ተኩሱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። ሳሎን የሚያወራው ሰው ድምፅ ኮሪደር የሚደርሰው በበሩ ዞሮ ነው ወይስ ግድግዳውን በስቶ? በስቶ ከመጣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ውሸት ይሆንብኛል።

ይህ ቀድሞ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ቲፍ» የተባለው ጌም ነው። ሰሪዎቹ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር በየት በኩል እንደሚገናኝ መዝግበው ድምፁን በዚያው መንገድ አስኬዱት። ደስ የሚለው ደግሞ ሥርዓቱ ለዘበኞቹም መሥራቱ ነው። ተጫዋቹ ሌባ ነው፤ እብነ በረድ ላይ ከረገጠ ኮቴው ያጋልጠዋል፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ሹልክ ብሎ ያልፋል።

እውነተኛው ድምፅ ግን ከዚህም ይወሳሰባል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የማዕበሉ ርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥጉን ታጥፎ ያልፋል። 10,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭኑ 3.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ይቀራል። ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስንቆም ከበሮው እየተሰማ ጸናጽሉ የሚደክምብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ብዙ ሶፍትዌሮች ድምፅን እንደ ብርሃን ጨረር ልከው ከግድግዳ ግድግዳ ያነጥሩታል። ፈጣን ነው፤ ጨረር ግን በራሱ አይታጠፍም። ማዕበሉን ራሱን ለማስላት ደግሞ አየሩ በትንንሽ ኩቦች መከፋፈል አለበት። የኩቡን ጎን በግማሽ ስናሳጥር ኩቦቹ 8 እጥፍ፣ የጊዜ እርምጃዎቹ ቁጥር 2 እጥፍ ይሆናል፤ ሥራው በጠቅላላ 16 እጥፍ! ጨዋታው እየሄደ ይህን የሚችል ኮምፒውተር ከየት ይመጣል?

የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኒኩንጅ ራጉቫንሺና ባልደረቦቹ ስሌቱን ጌሙ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጨረሱት። ከእያንዳንዱ ቦታ እስከ እያንዳንዱ ቦታ ድምፁ ምን ያህል እንደሚደክምና ማስተጋባቱ ምን ያህል እንደሚቆይ በጥቂት ቁጥሮች አስቀመጡ፤ ጌሙ ቁጥሩን አንብቦ ያልፋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ጊርስ ኦፍ ዋር 4» ጌም ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ።

ጣጣው ግድግዳ ሲፈርስ ነው፤ የተቀመጠው ቁጥር መፍረሱን አያውቅም። ጨረሩ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚላክ ክፍተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ስለዚህ ቦምብ በበዛበት ጌም የጨረሩን ጉድለት ችዬ እጫወታለሁ፤ ድብብቆሽ ከሆነ ግን ማዕበሉን አስቀድሞ ያሰላልኝን እመርጣለሁ።