ኮልካ፦ ሁለት ውኃዎች የሚገናኙበት የላትቪያ ገጠር

ኮልካ በሰሜን ምዕራብ ላትቪያ፣ የኩርላንድ ምድር ሾሎ ባሕር በሚገባበት ጫፍ ላይ የሚገኝ ፓጋስት ነው። ፓጋስት የአገሪቱ የገጠር አስተዳደር ዝቅተኛ እርከን ነው። በጫፉ ላይ ከምዕራብ የሚመጣው የባልቲክ ባሕርና ከምሥራቅ የሚመጣው የሪጋ ባሕረ ሰላጤ ውኃ ይጋጫሉ። አሸዋው ከውኃ በታች ርቆ ስለሚዘልቅ ለመርከብም ለዋናተኛም አደገኛ ነው። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1884 ሥራ የጀመረው የመብራት ማማ የቆመው ባሕር ውስጥ በሰው እጅ በተሠራ ደሴት ላይ ነው።

የየብሱ ቅርጽም የባሕር ሥራ ነው። ባሕሩ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ጥድ የበቀለባቸው ረጃጅም የአሸዋ ጉብታዎችንና በመካከላቸው ረግረጋማ ሸለቆዎችን ተራ በተራ ትቶ ሄደ። አብዛኛው ደን ዛሬ በ2000 በተቋቋመው የስሊተሬ ብሔራዊ ፓርክ ሥር ነው። እንዲህ ያለ መሬት እህል በደንብ ስለማያበቅል ኮልካ፣ ቫይዴ፣ ሳውናግስ፣ ፒትራግስ፣ ኮሽራግስ፣ ማዚርቤና ሲክራግስ የተባሉት መንደሮች በባሕሩ ዳር ተደርድረው ዓሣ በማጥመድ ኖረዋል።

ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ ሊቮች ነበሩ። ቋንቋቸው ከላትቪያኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዘመዶቹ ኢስቶኒያኛና ፊንላንድኛ ናቸው። መሬቱ ግን በዱንዳጋ ርስት ሥር የጀርመን ባላባቶች ይዞታ ነበር። በ1817 የኩርላንድ ገባሮች ነፃ ቢወጡም መሬት አላገኙም። በ1866 የወጣው ሕግ ፓጋስቶችን ከባላባቶች ቁጥጥር አላቅቆ የራሳቸውን ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ሰጣቸው። የመሬት ይዞታው የተለወጠው ላትቪያ በ1918 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ በ1920 በተጀመረው የመሬት ሥሪት ለውጥ ነው። ሊቮችም በ1923 ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በ1939 ማዚርቤ ላይ የሕዝብ አዳራሻቸውን ከፈቱ። ይህን ያደረጉት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቀዬአቸው ተሰደው ብዙዎች ሳይመለሱ ከቀሩ በኋላ መሆኑ ጽናታቸውን ያሳያል።

ከአገዛዝ ለውጦች ሁሉ የከፋው ግን የሶቪየት ዘመን ነበር። በ1949 ፓጋስቶች ተሰርዘው የመንደር ሶቪየቶች ብቻ ቀሩ። ዳርቻው የሶቪየት ኅብረት የምዕራብ ድንበር ሆኖ ስለተቆጠረ ወደዚያ መግባት በፈቃድ ብቻ ሆነ። ባሕሩ ዳር በመብራት እየተፈተሸ ያድር ነበር፤ ጀልባ ይዞ መውጣትም በወታደር ቁጥጥር ሥር ወደቀ። ዓሣ ማጥመዱ ወደ ትላልቅ ወደቦች ሲሰበሰብ ትናንሾቹ መንደሮች ተራቆቱ፤ ማዚርቤ ደን ውስጥ የተጣሉት አሮጌ የእንጨት ጀልባዎች የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። ዓሣ አጥማጅን ከባሕሩ መለየት ቋንቋውንም የሚነገርበትን ቤትና ሥራ ማሳጣት ነበር። ሊቭኛን በአፍ መፍቻነት የሚናገሩት የመጨረሻዋ ሰው፣ በቫይዴ የተወለዱት ግሪዜልዳ ክሪስቲኛ፣ በ2013 ያረፉት ካናዳ ነው።

በ1990 ፓጋስቶች ሲመለሱ ኮልካ በታልሲ አውራጃ ሥር የራሱ ምክር ቤት ያለው ፓጋስት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሊቮች ዳርቻ በሕግ የተጠበቀ የባህል ክልል ተብሎ ታወጀ። በ2009 ትናንሽ አስተዳደሮች ሲጠቃለሉ ኮልካ ከዱንዳጋ ጋር በአንድ ወረዳ ተዋሐደ፤ በ2021 ደግሞ ያ ወረዳ ወደ ታልሲ ወረዳ ተቀላቀለ። ፓጋስቱ ስሙን ይዞ ቢቀጥልም፣ በጀቱና ዋና ዋና ውሳኔዎቹ የሚጸድቁት በወረዳው ምክር ቤት ነው።